የቄስ ምንይሉ ጓዳ

መንገዱ ተከፍቶ ከቢቸና ወደ ሞጣ መኪና በተገኘበት ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ሰው ዕድለኛ ነው። እኔም የጡረታ ጉዳዬን ይዤ ስሄድ ከወደ ኋላ አንድ ቦታ አገኘሁ። ከፊቴ አቶ ሀብተ ሥላሴ ተቀምጠዋል። በገጠር ደብራቸው የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ ናቸው። አጠገባቸው ሞጣ የምታስተምረው የወንድማቸው ልጅ ብሩክታይት አለች። አዛውንቱ የሚሄዱት ለእናታቸው የሙት ዓመት ተዝካር ሰንጋ ሊገዙ ነው። ይህን ያወቅሁት ጠይቄ አይደለም፤ ለመኪናው ሰው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያወሩ ሰምቼ ነው።

ልንነሳ ስንል የደብራቸው ቀዳሽ ቄስ ምንይሉ ጆንያ ተሸክመው ገቡ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ብድግ ብለው መስቀል ተሳለሙ፤ ቄሱ እንቢ ቢሉም ለምነው በራሳቸው ወንበር አስቀመጧቸውና እኔ አጠገብ መጡ። እንዲህ ያለ አክብሮት ሳይ አገሬን እወዳታለሁ። ወንበር ግን አይበላም።

አዛውንቱ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቋቸው ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለአንድ የሞጣ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ሆነው እንደተቀጠሩ ተናገሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም በኋላ ይከተሏቸዋል። አቶ ሀብተ ሥላሴ አፋቸውን ያዙ። ደብሩ ያሉት ቀሳውስት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ነው፤ የእናታቸውም ተዝካር ያለ ፍትሐት ሊቀር ነው።

ጉንደ ወይን ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄዱ፤ እኛ ሦስታችን ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀመጥን። አዛውንቱ አምቀው የያዙትን ንዴት እዚያ አወጡት።

«ምን አጎደልንባቸው? ሲገቡ እንነሳለን። ገበታ ያለ እሳቸው ቡራኬ አይከፈትም። ተዝካር ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ ሰንበቴ ሲሆን መች ሳናበላቸው ቀርተን ነው?»

«እሳቸውንማ አብልታችኋል፣ ጋሼ» አለች ብሩክታይት። «ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽና ልጆቹስ? አባታችን ከገበታው ራስ ተቀምጠው ሲባርኩ በእሳቸው ጓዳ ምን እንዳለ ጠይቀን እናውቃለን? ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ ድግሱ ይቆማል፤ ቅዳሴው ግን እስከ ሠርክ ነው። ያን ጊዜ ማን ያበላቸዋል?»

አዛውንቱ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሐዋርያው እንኳ ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረ፤ ቄሱም መሬት አላቸው፣ እንደ እኛ አርሰው ይብሉ አሉ። እሷም ሐዋርያው ለአገልጋይ ቀለብ እንደሚገባም ማስተማሩን አስታወሰቻቸው።

«ለመሆኑ በዘር ጊዜ ስንት ቀን ጥማድ አስፈትተን ለቀብር ጠርተናቸዋል?» አለች። «የእኛ ማሳ በጊዜው ሲዘራ የእሳቸው ጦም ያደረው የእኛን ሙት ሲቀብሩ ነው።»

«ኧረ ተይ ልጄ! ደመወዝ የተቆረጠላቸው ዕለት እኮ ቅጥረኛ ሆኑ ማለት ነው። በረከትም በወር ሊከፈልበት ነው?»

«በረከቱን ማንም አይገዛውም፣ ጋሼ። ግን ዛሬ ተቀጥረው የሚሄዱት ደመወዝ ስለቆረጥንላቸው ነው ወይስ ስላልቆረጥንላቸው?»

ዕድሜዬን በማስተማር የፈጀሁ ሰው ነኝና ጥሩ ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። ለጠያቂዋ ሻይ ይደገምላት ብዬ በእጄ አመለከትኩ።

ቄስ ምንይሉ ሲመለሱ አዛውንቱ እንደገና ተነሱ። የጨነቀው ሰው ድምፅ ነበር የወጣቸው።

«አባቴ፣ መቸገርዎን ለምን አልነገሩኝም?»

ቄሱ ቀኝ እጃቸውን አዩ። «በዚህ እጄ መስቀል አሳልማለሁ» አሉ። «ይህንኑ እጄን ዘርግቼ እህል ስጡኝ ልበል? ብዙ ጊዜ ከደጃችሁ ደርሼ ተመልሻለሁ። አላስቻለኝም።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ እንባቸው መጣ። ለካስ እያከበሩ ማስራብም ኖሯል።

ከዚያ እስከ ሞጣ አዛውንቱ ስለ ሰንጋ አላነሱም። የሚያወሩት ሌላ ነበር። አዝመራ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ እህል ያወጣል፤ በየወሩም ገንዘብ ይዋጣል፤ ለሁለቱም ቀሳውስትና ለዲያቆናቱ እቤታቸው ድረስ ይላካል፤ ማንም እጁን አይዘረጋም። እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ስጦታው በደብሩ ስም ይሁን፣ ካህን የአንድ ባለጸጋ ውለታ ካለበት ያን ባለጸጋ ሊገሥጽ አይደፍርም አልኩ። መነሻ እንዲሆን አዛውንቱ የሰንጋውን ገንዘብ ሰጡ። ቄስ ምንይሉ እስከ ተዝካሩ ቆይቼ ልየው አሉ። ቀጣሪያቸው ሙሂዲንም ጉዳዩን ሲሰማ ቅር አላለውም፤ እኛም ኢማማችንን የምናኖረው አዋጥተን ነው ብሎ በደስታ አሰናበታቸው።

አገሬው መጀመሪያ አጉረመረመ። የሀብተ ሥላሴ እናት ያለ ሰንጋ ተዘከረች ተብሎ ብዙ ተወራ። ዛሬ ግን ቅዳሴ ሳይታጎል ሁዳዴ አልፏል። ቄስ ምንይሉ ለዲያቆናት ማታ ማታ ዜማ ለማስተማር ጊዜ አግኝተዋል፤ የተጣላ ባልና ሚስትም ሳይደክማቸው ቁጭ ብለው ያስታርቃሉ። እትዬ ፈንታነሽ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት መልሰዋል። ካህኑን የደገፈ ሕዝብ ጥቅሙ የራሱ ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ተጠርቼ የተገኘሁበት የተዝካሩ ዕለት ነው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ከፍትሐቱ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ያባቴን ተዝካር ያወጣሁ ጊዜ ሥጋና ጠላ ስቆጣጠር ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ዋልኩ» አሉኝ። «ዛሬ ግን ቄስ ምንይሉ ‹ወለተ ገብርኤል› ብለው የእናቴን ስም ሲጠሩ ቆሜ ሰማሁ።»