ከዝርዝሩ የቀረ እጅ

ረፋድ ላይ፣ በጨርቅ ነጋዴው በጌጡ ሳሎን፤ አብረው የተሳፈሩበት ሚኒባስ ገደል ከገባ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ወጌሻዋ እትዬ አስካለ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ተቀምጠዋል።

አስካለ፦ «ጤነኛ» ብለው ጻፉኝ እኮ! የአሥራ አንድ ተጎጂ ስም ከነአባቱ ደርድረው፣ ወደ ታች ወርደው ደግሞ «አንዲት ጤነኛ አዛውንት ሴት ተጎጂዎችን ሲረዱ ተገኝተዋል» አሉ። የእህቴ ልጅ ናት ያነበበችልኝ። ለኔ ሲደርስ ስምም አለቀባቸው።

ጌጡ፦ እማማ፣ ፖሊሱ ያየውን ነው የጻፈው። እሱ ሲደርስ እርስዎ ጎንበስ ቀና እያሉ የሰው አጥንት ይጠግኑ ነበር።

አስካለ፦ ታዲያ ምን ላድርግ ኖሯል? ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ እኔ አንጓዬን ይዤ ልቀመጥ?

ጌጡ፦ ይቀመጡ ነበር። ሣሩ ላይ ጋደም ብለው ትንሽ ቢያቃስቱ ኖሮ ዛሬ አሥራ ሁለተኛዋ እርስዎ ነበሩ።

አስካለ፦ ማቃሰት አልተማርኩማ! ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው።

ጌጡ፦ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደው ነበር አሉ።

አስካለ፦ አራት ጊዜ። ያቺ ባለመነጽር ልጅ እጄን አገላብጣ አየችና «እማማ፣ ይሄ እኮ የእርጅና ነው» አለችኝ። እርጅና አንዱን እጅ መርጦ ይመታል ወይ? ብላት፣ የሐኪም ወረቀት አምጪ አለች።

ጌጡ፦ እውነቷን ነው። ለምን ያኔውኑ ሐኪም ቤት አልሄዱም?

አስካለ፦ ወጌሻዋ እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ስትገባ ቢያዩኝ አገሩ ምን ይላል? ራሴው በግራ እጄ ገጠምኩት። የሰው እንጂ የራስ አጥንት ለካ አይታዘዝም። እንጃልኝ፣ ጠሞ ቀረ።

ጌጡ፦ እና ምን ተባለ በመጨረሻ?

አስካለ፦ ያን ቀን መጎዳትሽን በዓይኑ ያየ ሰው እስከ ሰኞ አምጪ፣ ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ይዘጋል።

ጌጡ፦ ሌሎቹን አልጠየቁም? ሹፌሩስ?

አስካለ፦ ሹፌሩ ራሱን ስቶ ተዘርሮ፣ ምን አይቶ ይመሰክራል? አብራን ተሳፍራ የነበረችው አስተማሪ ዘንድ ሄድኩ። «እኔ ያየሁዎት ሲሯሯጡ ነው፤ በሐሰት አልምልም» አለችኝ። ምን ልበላት? እጄን ደብቄያቸው ነበራ። እጇ የተሰበረ ወጌሻ ልንካህ ብትለው ማን እግሩን ይሰጣታል? ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጌጡ፦ እንግዲህ…

አስካለ፦ ምንጣፉን አትቁጠር፣ ቀና በል። እግርህን ስስበው የጮኽነው ሁለት ነን። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?» አልከኝ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየሁህ። ከጣቃህ ላይ በጥርሱ ቀዶ ያሰረልኝ ማነው?

ጌጡ፦ እኔ ነኝ። መች ካድኩ?

አስካለ፦ በል ይህችን ለባለመነጽሯ ንገርልኝ፤ ሰኞ። ሌላ ያመጣኝ ጉዳይ የለም።

ጌጡ፦ ሻይ ይምጣልዎ?

አስካለ፦ ሻይ ለመንኩህ?

ጌጡ፦ እማማ፣ ነገሩ እንደሚመስልዎ ቀላል አይደለም። የኔም ፋይል እዚያው ቢሮ ነው ያለው።

አስካለ፦ ይኑራ! ያንተ ፋይል የኔን ይነክሰዋል?

ጌጡ፦ ይነክሰዋል። ጠበቃዬ ምን አለኝ መሰለዎት፤ «ወጌሻ ነክታኛለች ካልክ፣ ያበላሸችህ እሷ ናት እንጂ መኪናው አይደለም ብለው ባዶህን ይሰዱሃል።» ስለዚህ… ማንም ሳይነካኝ በቀጥታ ሆስፒታል ገባሁ ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ፈርሜያለሁ።

አስካለ፦ ማንም ሳይነካህ።

ጌጡ፦ ወረቀት እኮ ነው፣ እማማ።

አስካለ፦ እኔ ታዲያ እዚያ ገደል ሥር ምን ነበርኩ? ቁጥቋጦ? ፖሊሱስ ስሜን ነው የዘለለው፣ አንተ እኔኑ ከነነፍሴ ፋቅኸኝ!

ጌጡ፦ አሁን ተነስቼ «እጇን አሰርኩላት» ብል፣ «እሷስ አንተ ዘንድ ምን ትሠራ ነበር?» ይሉኛል። ነገር ነገርን ሲጎትት ራሴው ሐሰተኛ ሆኜ እከሰሳለሁ።

አስካለ፦ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ሲሉ እሰማ ነበር።

ጌጡ፦ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ያ ሁሉ ጣቃ ገደል ገብቶ ቀረ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው መደርደሪያ ብቻ ነው።

አስካለ፦ የኔ ሱቅስ ይቺ እጅ አይደለች? አርባ ዓመት ዘግቻት አላውቅም። ወለም ያለው ሲመጣ፣ ትከሻው የወለቀ ሲመጣ፣ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም፤ የሰጠ ሰጠ፣ ያልሰጠም አጥንቱ ገጠመ። ዛሬ መቀነቴን የምታስረኝ ጎረቤት ናት። ለሽንት ስቸኩል እሷን ቆሜ ስጠብቅ ታየኛለህ?

ጌጡ፦ እንዲህ አይበሉኝ። ይስሙኝማ፣ እንዲህ እናድርግ፦ ካሳው ሲወጣ ሩቡ የርስዎ ነው። እግዜርን ምስክር አድርጌ።

አስካለ፦ አንተ ለመመስከር ፈርተህ እግዜርን ምስክር ትጠራለህ? ላም አለኝ በሰማይ።

ጌጡ፦ የሰማይ አይደለም፣ ያለቀ ነገር ነው። የሐኪሞቹ ቦርድ አይቶኝ ሠላሳ በመቶ ቋሚ ጉዳት ብሎ ጽፎልኛል።

አስካለ፦ ምን ማለት ነው እሱ?

ጌጡ፦ እግሬ ከመቶው ሠላሳው ዕድሜ ልኩን አይሠራም ማለት ነው።

አስካለ፦ የቱ እግርህ?

ጌጡ፦ ይሄው፣ ግራው።

አስካለ፦ እኔ የገጠምኩት?

ጌጡ፦ እ… አዎ።

አስካለ፦ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ፣ በአንድ እጄ የገጠምኩት እግር ነው ሠላሳው የማይሠራ?

ጌጡ፦ እርስዎን ለመንቀፍ እኮ አይደለም።

አስካለ፦ ሱሪህን ሰብስብ።

ጌጡ፦ ኧረ እማማ!

አስካለ፦ ሰብስብ አልኩህ! ያን ቀን ሱሪህን በምላጭ የተረተርኩት እኔ፣ ዛሬ ምን አሳፈረህ?

ጌጡ፦ ይኸው።

አስካለ፦ እንዴ! ሰባት ወር ያልተረገጠበት እግር እንደ ሽመል ይቀጥናል፤ ባቱ ይሟሽሻል። ይሄ የወይፈን ባት ነው። ተረከዝህን አዙር… ይሄማ ጠዋት የተሄደበት ነው!

ጌጡ፦ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ።

አስካለ፦ ትሄዳለህ!

ጌጡ፦ ጓሮ ለጓሮ ብቻ። ቦርዱ ፊት ትንሽ አነከስኩ፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት አድርጌ ልተወው? ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

አስካለ፦ ለካ! እኔ ደግሞ ሰው ለምን ሸሸኝ እላለሁ። እጄ ቢሞት ዓይኔ አለ፣ አፌ አለ፤ የእህቴን ልጅ እያሳየሁ ላሠራት ነበር። ባለፈው አንዲት ሴት ትከሻዋ ወልቆ ደጄ ድረስ መጥታ ተመለሰች። «ጌጡን ሽባ ያደረገች እሷ አይደለች?» አሏት። በምርኩዝ ስትጎተት ያየህ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ከወረቀትህ አወጣኸኝ፣ ከሰው አፍ ግን አስገባኸኝ።

ጌጡ፦ ይሄን እንኳ አላሰብኩትም። በልጆቼ።

አስካለ፦ አንተ ምን ቸግሮህ ታስበዋለህ!

ጌጡ፦ ለቢሮው ይናገሩብኛል?

አስካለ፦ ለማን? እጄን እርጅና ነው ላለችው ልጅ? ብነግራትስ «አሮጊቷ ሲከለክሏት ቀናች» ነው የምትለው። እኔን የሚያምን ሰው እዚያ ቢሮ አልተቀጠረም።

ጌጡ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሩቡ ካነሰዎ ሲሶ ይሁን።

አስካለ፦ ዝም በል! ለአጥንት ያልጠራሁትን ዋጋ ለዝምታዬ አልጠራም።

ጌጡ፦ እና ምን ላድርግልዎ? ሰኞ መሄድ አልችልም። ይገባዎታል።

አስካለ፦ ገብቶኛል። ካሳ የሚባለውን ከልቤ አውጥቼዋለሁ። ሰኞ ይዘጋ፤ እኔም እጄን ከእንግዲህ እንደ ሬሳ ተሸክሜው እኖራለሁ።

ጌጡ፦ እንዲህ አዝነውብኝ ከቤቴ አይውጡ፣ እማማ። ሌላ የሚፈልጉት ካለ ይጠይቁኝ፤ ምርቃትዎ ይሻለኛል።

አስካለ፦ ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ገበያው ቆሟል?

ጌጡ፦ ጢም ብሏል። ለምን ጠየቁኝ?

አስካለ፦ እንግዳ ሲወጣ ይሸኛል። ምርኩዝህን እዚያው ትተህ ተነስ፤ ክንዴን ያዝና፣ በሁለቱም እግርህ ደህና አድርገህ እየረገጥህ፣ በገበያው መሃል እስከ ቤቴ ሸኘኝ።