በሩ ሁሉ የተዘጋበት ጌም

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ላይ ጌም ቤት አለው። አዲሱ ጌም ከመምጣቱ በፊት ማስታወቂያውን አምኖ፣ «የፈለጋችሁት ቤት ትገባላችሁ፤ ያገኛችሁትን ሰው ታናግራላችሁ» እያለ ለደንበኞቹ ሲምል ከረመ። የመጣ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ መጽሐፌን ገልጫለሁ። ከማንኩሳ ለገበያ የመጡት አጎታችን አጠገቤ ተቀምጠዋል። ተጫዋቹ አንዱን በር ቢያንኳኳ ዝግ ነው፤ የሚቀጥለውም ዝግ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታውን ሳይመልስ ወደ አንድ አቅጣጫ አለፈ።

«የታለ ያልከው?» አለ አንዱ ጎረምሳ ወንድሜን። «ተነሱ፣ ማዶ ያለው ጌም ቤት እንሂድ።» ወንድሜ በላብ ተጠመቀ። ይሄኔ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆች፣ አገሬው በሩን ዘግቶ፣ ሰላምታም ሳይመልስ ወደ አንድ ወገን ከተመመ ለቅሶ አለ ማለት ነው።»

«ማን ሞቶ ነው አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ። ተከተሏቸው እንጂ።»

ሊሄዱ የተነሱት እየሳቁ ተመልሰው ተቀመጡ። ተጫዋቹ ሰዎቹን ተከትሎ አደባባይ ሲደርስ፣ ጌሙ ተበላሽቶ ነው መሰል፣ ሕዝቡ ሁሉ ድርቅ ብሎ ቆሟል። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ቤቱም አብሯቸው ተነሳ፤ እኔም ሳላስበው መጽሐፌን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ቅድም «እንሂድ» ያለው ጎረምሳ ወንድሜን እቅፍ አድርጎ «እግዜር ያጥናህ» አለውና፣ ቀጣዩ የመጫወት ተራ የራሱ መሆኑን ተናግሮ ተቀመጠ።