የወንድሟ ነጭ ምላስ

የሰው ወሬ ማድመጥ ነውር ነው እያልኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ትናንት ግን ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ጆሮዬን አልከለከልኩም። አንዷ የፋብሪካ ጋውን የለበሰች፣ ሎሚ የሞላ ፌስታል ያቀፈች ወጣት፣ ሌላዋ ጠና ያሉ ባለሻሽ ናቸው።

«አቦ፣ ይሄ ሁሉ ሎሚ ለሰርግ ነው?» አሉ ባለሻሿ።

«ለወንድሜ አፍ ነው፣ እናቴ። ምላሱ ነጭ ለበሰ።»

«ምን ነካው?»

«ጫቱ ላይ የሚረጩት መርዝ ነው ይላል። ጫቱን አጥቤ እሰጠዋለሁ፣ ምላሱንም በሎሚ እፍቅለታለሁ። ሲፋቅ ይደማል። ጠዋት ሳየው ነጩ ተመልሶ ቁጭ ብሏል።»

«ምግብስ?»

«ሁሉም ያቃጥለዋል። ውሃ እንኳ።»

ባለሻሿ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት ነበረው?»

ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች። «የኤች አይ ቪ። በረመዳን አቋረጠው። ከዚያ ደህና ነኝ ብሎ አልተመለሰም።»

«እኔም እንደሱ አቁሜ ነበር። አፌ ነጭ ለብሶ በመስታወት ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ።»

«እርስዎ? ወላሂ?»

«ወላሂ። ሎሚውን ተይው፣ ያቆስለዋል። ለአፉ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ያቋረጠውንም እንደገና እንዲጀምር ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።»

«ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም እኮ!»

«አፉ እየተናገረ ነው፣ ልጄ።»

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ ወጡ አቃጠለኝ ብሎ ሳህኑን ሲገፋ፣ ጥጋብ ነው ብዬ የተቆጣሁትን እያሰብኩ መውረጃዬን አለፍኩት።