ለታመሙ ዝንቦች በሬ ሲለመን

(በኦሞ ወንዝ አጠገብ፣ የቆላ ዝንብ በበዛበት ቀበሌ። ተመራማሪዋ ዶክተር ምንትዋብ በመረብ የተሸፈነ የዝንብ ሳጥን ታቅፋ በገበሬው በጋሽ ባሳ ግቢ ቆማለች፤ እሱ ከበሬው ፊት አልነቃነቅም ብሏል።)

ባሳ፦ አይሆንም አልኩሽ፣ ልጄ! ቡሬን ዝንብ አይነክሰውም!

ምንትዋብ፦ ጋሽ ባሳ፣ እነዚህ እኮ እንደሌሎቹ አይደሉም። የታመሙ ናቸው።

ባሳ፦ እሰይ! ይሙቱ!

ምንትዋብ፦ ከሞቱማ ጉዴ ፈላ።

ባሳ፦ የቡሬን ጓደኛ አምና በገንዲ ሞቶብኝ ቀበርኩት። በሽታውን ማን አመጣበት? የእነዚህ ዘመድ! አሁን ደግሞ ታመዋልና አስታምልኝ ትያለሽ?

ምንትዋብ፦ ሕመማቸው ነው የሚጠቅመን። ሆዳቸው ውስጥ በዓይን የማትታይ ፈንገስ አለች። እሷ የገባችበት ዝንብ ገንዲ አያዛምትም።

ባሳ፦ የማትታይ ከሆነች አንቺ በምን አየሻት?

ምንትዋብ፦ በማይክሮስኮፕ።

ባሳ፦ ዝንቡን ትገድለዋለች?

ምንትዋብ፦ ኧረ አትገድለውም። ወንዙ ዳር ስንለቃቸው ከዱሩ ዝንብ ጋር ይጋባሉ፤ ለሚስቶቻቸው፣ ለልጆቻቸው ያጋቧታል።

ባሳ፦ ሙሽሮች ናቸው በይኛ!

ምንትዋብ፦ እንደዚያ ይበሉት።

ባሳ፦ ድግሱ ደግሞ የእኔ በሬ!

ምንትዋብ፦ አንዴ ብቻ። ጣቢያችን መብራት ጠፍቶ ያስቀመጥንላቸው ደም ተበላሸ። ሳይጠግቡ ከለቀቅናቸው መንገድ ላይ ይወድቃሉ።

ባሳ፦ ገንዲ ቢኖርባቸውስ?

ምንትዋብ፦ ሳጥን ውስጥ ተወልደው ሳጥን ውስጥ ያደጉ ናቸው። ከየት ያመጡታል?

ባሳ፦ ቡሬ ቢወድቅ ቀንበሩን የምንሸከመው እኔና ሚስቴ ነን። ለምን የሰው ደም አትሰጫቸውም?

ምንትዋብ፦ ክልክል ነው። የሰው ከሆነ ኮሚቴ መፍቀድ አለበት።

ባሳ፦ የበሬስ?

ምንትዋብ፦ ባለቤቱ ከፈቀደ ይበቃል።

ባሳ፦ ቡሬም ኮሚቴ አለው። እኔና ሚስቴ። አልፈቀድንም!

ምንትዋብ፦ እባክዎ፣ ጋሽ ባሳ…

ባሳ፦ ቆይ። ክንድሽን ማከክ አበዛሽ። እጅጌሽን ሰብስቢው እስቲ።

ምንትዋብ፦ ምንም አይደል።

ባሳ፦ ሰብስቢው አልኩሽ! ውይ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያበጥሽ?

ምንትዋብ፦ ትናንት በጣም ርቧቸው ነበር። ሲያሳዝኑኝ ጊዜ… ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

ባሳ፦ ኮሚቴውስ?

ምንትዋብ፦ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነው።

ባሳ፦ ታዲያ ዛሬስ?

ምንትዋብ፦ ዛሬማ እኔ አልበቃኋቸውም። ያዞረኛል።

ባሳ፦ አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ! በይ ሳጥኑን አምጪው፣ እዚያ ጥላው ሥር ተቀመጪ። ጆሮው አካባቢ ግን እንዳይነኩት ንገሪያቸው፤ ይኮረኩረዋል።