ማቃጠሉን የተወ በርበሬ

ኮምጣጤ ልገዛ ወጥቼ ዳኛ ሆኜ ቀረሁ። መስከረም ነው፤ መንደራችን እንደ ልማዷ ቀልታለች፣ ከየቤቱ ጣሪያ ሥር በክር የተሰካ በርበሬ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቴ ጋሽ ቬንደል ደጃፋቸው ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ዘርግተዋል። በሴገድ ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ኢልካ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ሁለቱም ተኮራርፈዋል።

«እሰይ፣ መምህር መጡ» አሉ ጋሽ ቬንደል። «የተማረ ሰው ይፍረደን። ይቺ ልጅ የዳነ እግር ይዤ ሐኪም ጋ ካልሄድኩ ትለኛለች።»

«አልዳነም፣ መምህር» አለች ኢልካ። «ጨርቁ ይሸታል። ዛሬ በማታው አውቶቡስ ካልወሰድኳቸው እግሩን ያጡታል ብዬ እፈራለሁ።»

«የታመመው እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ! መምህር፣ በበጋ ተረከዜ ሲነድ እንዳደረ ያውቃሉ አይደል? የሚፋጀውን በርበሬ ወቅጬ በአረቄ ዘፈዘፍኩና በየማታው አሰርኩበት። መጀመሪያ አስለቀሰኝ። ኋላ ማቃጠሉን ተወ፣ ሕመሙም አብሮት ሄደ። በሽታውን አቃጥሎ ጨረሰዋ!»

እውነቱን ለመናገር ለጋሽ ቬንደል ልፈርድላቸው ነበር። በእኛ አገር ያቃጠለ ያድናል ተብሎ ነው ያደግነው። በርበሬ ሰንጥቀው ጅማቱን የሚያወጡ ሴቶቻችን እንኳ እጃቸው መቃጠሉን ሲተው «ጠነከረ» ብለው ይኮራሉ።

«በርበሬ ምንም አያቃጥልም» አለች ኢልካ።

ሳቅኩባት። እሷ ግን አንዱን በርበሬ ሰንጥቃ ነጩን ጅማት አወጣችና «ከንፈርዎን» አለችኝ። ምን አቀበጠኝ፣ ሰጠኋት። ወዲያው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ውሃ ብጎነጭ ባሰብኝ። ጋሽ ቬንደል ከት ከት ብለው ሲስቁ ኢልካ የአሳማ ስብ የተቀባ ዳቦ አቀበለችኝ።

«ውሃ አይፈታውም፤ ስብ ነው የሚፈታው» አለች። «አሁን በኪስ መስታወቴ ይዩት። እሳት ቢሆን ውሃ ይቋጥር ነበር። ቋጥሯል?»

አየሁት። ቀላ ከማለቱ በቀር ደህና ነው።

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የለበለበኝ?»

«ጅማቱ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ነገር አለ። እሳት ሲነካን ‘ተቃጠልኩ’ ብሎ ወደ አንጎል የሚጮህ ነርቭ አለን አይደል? ካፕሳይሲን እሱን ነርቭ ያለ እሳት ያስጮኸዋል። ሌባ ሳይመጣ ሌት ተቀን እንደሚጮህ ውሻ በሉት። በየቀኑ ሲያስጮኹት ድምፁ ይዘጋል። ኋላ እውነተኛው ሌባ ቢገባም ዝም ነው።»

አሁን ደግሞ ኢልካ እውነቷን መሰለችኝ።

«ዝም ካለ እሰየው!» አሉ ጋሽ ቬንደል። «ሕመም ምን ያደርግልኛል? ለመሆኑ አንቺስ ከበርበሬ የተሠራ የጉልበት ቅባት ትሸጪ የለም? የሷ መድኃኒት፣ የኔ ሞኝነት!»

ይሄም ትክክል ነው። ሕመም የሚያመጣው ነገር ሕመም ያስታግሳል፤ ያስታገሰው ነገር ደግሞ ያደነዝዛል። ለማን ልፍረድ? ዳኝነቱን ትቼ ወደ ኮምጣጤዬ መሄድ አማረኝ።

«እሸጣለሁ» አለች ኢልካ ሳትቆጣ። «ብዙ ሰውን ከጉልበት ሕመም አሳርፏል። ግን ተመጥኖ ነው፤ ቁስል በሌለው ቆዳ ላይ፣ ሕመሙ ከምን እንደመጣ ታውቆ። እርስዎ ውሻውን አስተኝተው በሩንም ሳይዘጉ ነው የተኙት።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ኢልካ በርበሬ የሚሰካበትን ረጅም መርፌ ከአግዳሚው አነሳችና በአረቄ ጠረገችው። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካ በሹሉ ነው ወይስ በዱልዱሙ ይበሉኝ። ካወቁ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ጀምሪ።»

ጨርቁን ፈታች። ሽታው እኔም ጋ ደረሰ። የውስጥ እግራቸውን በመርፌው ነካች።

«በዱልዱሙ» አሉ ጋሽ ቬንደል።

እንደገና ነካች።

«በዱልዱሙ።»

ሦስተኛም ነካች። «በዱልዱሙ ነው እኮ! ፈራሽ እንዴ? በሹሉ ውጊኝ እንጂ!»

ኢልካ መርፌውን አስቀመጠች። ከእግራቸው ላይ ሦስት ጠብታ ደም ወጥቶ ነበር። ጋሽ ቬንደል ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ እኛን አዩ፣ ከዚያ እግራቸውን። ደሙን በጣታቸው ነክተው የማንም ያልሆነ ይመስል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

እሷ ጫማቸውን አንስታ እጇን ውስጥ ከተተች። ከሶሉ የወጣ ሚስማር ነበር። ተረከዛቸው ሥር ያለውን የጠቆረ ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው። ይህን ሚስማር እየረገጡ ነው የዘንድሮውን በርበሬ የለቀሙት።

«ካፖርቴን አምጪልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።»

ሐኪሙ «ቢዘገዩ ኖሮ እግርዎ አይተርፍም ነበር» ብሎ ነገራቸው። ቁስሉ ተጠርጎ ታከመ፣ በበጋ ሲያነደው የነበረውም የነርቭ ሕመም መሆኑ ታውቆ መድኃኒት ታዘዘለት። ጋሽ ቬንደል አሁን ማታ ማታ የእግራቸውን ሥር በመስታወት ሳያዩ አይተኙም፤ ጠዋትም ጫማቸውን ሳያራግፉ አያጠልቁም። እንዲያውም ይህን ለሰው ሁሉ ሲሰብኩ አሰልችተውናል። ሴቶቻችንም በርበሬ ሰንጥቀው ሲነሱ እጃቸውን በስብ አሽተው በሳሙና ይታጠባሉ፣ ከዚያ ነው ሕፃን የሚያቅፉት፤ ሕፃናቱም ዓይናቸው ተለብልቦ አያለቅሱም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ከባለቤቱ የተደበቀ በሽታ እንዳለ ግን እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የገና በዓል ሲቃረብ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው ጋሽ ቬንደል ናቸው፤ አንድ እግራቸው ባዶ፣ በእጃቸው ዋልነት የሚባል ለውዝ ጠንካራ ቅርፊት ይዘዋል።

«መምህር» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ወለሉ ላይ ወድቆ ረገጥኩት። አመመኝ።»

«ያመመዎት በግራው ነው?»

«በግራው።»

አይዞዎት ልበላቸው ወይስ እንኳን ደስ አለዎት ግራ ገባኝ። ደገፍ አድርጌ አስገባኋቸው።