ሦስት ሰው ያጠበቀው ቴስታታ

የምስክሩ ስም፦ ሌንጂሳ ባፈና
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ሜካኒክ፣ የራሱ ጋራዥ ያለው
አድራሻ፦ አሶሳ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 1987 ዓ.ም.
ተጠርጣሪ፦ ዐወድ ኦመር፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር
የተጠረጠረበት ነገር፦ የመንግሥት መኪና ሞተር ዘይት ውስጥ ሆን ብሎ ውሃ በመጨመር ማበላሸት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ተጠርጣሪውን ዐወድ ኦመርን አውቀዋለሁ። ዝምድናም ጠብም የለንም። ወዳጅነትም እንደሌለን ይመዝገብልኝ። ሰውየው ጥቁር መነጽር አድርጎ የመኪና መስታወት ሲወለውል የሚውል፣ ከመኪናው ሥር ምን እንዳለ ጎንበስ ብሎ አይቶ የማያውቅ ጉረኛ ነው። ቃሌን የምሰጠው በሥራዬ ላይ ውሸት ስለተነገረ ነው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ዐወድ የመሥሪያ ቤቱን ላንድ ክሩዘር አስጎትቶ ጋራዤ አመጣ። መኪናው ይግላል፣ ራዲያተሩ የትም ሳያፈስ ውሃ ይጨርሳል፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ባስነሳው ውሃው ይንፈቀፈቅ ጀመር። የዘይት መለኪያውን ስመዘው ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ይህ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ነው። ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩ አካልና ከላይ በሚከደነው ቴስታታ መካከል የሚገባ ስስ ነገር ሲሆን፣ ሥራው ውሃውን፣ ዘይቱንና እሳቱን ለየብቻ ማኖር ነው። እሱ ሲቃጠል ውሃው ራሱ መንገድ ፈልጎ ዘይት ውስጥ ይገባል እንጂ የሰው እጅ አይፈልግም።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ የሻው ምትኩ ግን ያኔም ዘይቱን አይተው የጠላት ሥራ ነው ብለው ነበር። ክልል ከተባልን ወዲህ እዚህ ከተማ ወንበር ያገኘ ሁሉ በየጓዳው ጠላት ሲፈልግ ይውላል።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ መጣ። ባለፈው ሐሙስ አሮጌውን ፍቄ አንስቼ፣ ቴስታታው አለመጣመሙን ቀጥ ባለ ብረት ለክቼ፣ አዲሱን አስገብቼ ከደንኩት። የቀረው ብሎኖቹን ማጥበቅ ነበር። ይህ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ፣ መጀመሪያ ለዘብ ከዚያ ጠንከር እያደረጉ የሚሠራ ነው። ዳሩ ቀድሞ ከጠበቀ ቴስታታው ይጣመማል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አቶ የሻው ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። በእኛ ክልል የውሃ ቧንቧ እንኳ ሲመረቅ ኃላፊዎች ተሰልፈው እጃቸውን ካላሳረፉበት ተመረቀ አይባልም። ሞተር ግን የመሠረት ድንጋይ አይደለም። አቶ የሻው፣ የንብረት ክፍሉ አቶ ዓብዱልላጢፍ እና ጥገናውን እንዲከታተል ለተቋቋመው ኮሚቴ ከፖሊስ የተወከለ አንድ ሰው በየእጃቸው ቁልፍ ያዙ። ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ ብል አቶ የሻው "ገለል በል፣ ቱታህ ፎቶውን ያበላሻል" አሉኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በገዛ ጋራዤ ደጃፍ ላይ ቆሜ አየሁ። አቶ የሻው የፊቱን፣ አቶ ዓብዱልላጢፍ የኋላውን አጠበቁ። የፖሊሱ ሰው ደግሞ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉትን ብሎኖች፣ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ጉልበቱን ለካሜራው እያሳየ ብረቱ እስኪጮህ ድረስ ጠመዘዘ። መሃሉን ማንም አልነካውም፤ ፎቶ ላይ አይታይማ።

ፈትቼ እንደገና ላጥብቅ ስላቸው ኮሚቴ ያጠበቀውን ግለሰብ አይፈታም ተባልኩ። የቀረውን ዕቃ ፊቴ ቆመው አስገጠሙኝ፣ አዲስ ዘይትም አስሞሉኝ። አቶ የሻው ሆሞሻ ወረዳ ስብሰባ ነበራቸውና ዐወድን ንዳ አሉት። ዐወድ "ወላሂ መኪና አልጨረሰ፣ ኡስታ ሌንጂሳ ይጨርስ፣ ከዚያ እነዳለሁ" ብሎ መለሰ። ይህ ጉረኛ በዕድሜው የተናገረው ብቸኛ ቁም ነገር ይህ ነው። ከሥራ ትባረራለህ ሲሉት ገብቶ ነዳ።

መኪናው ሆሞሻ ሳይደርስ ፈላና ቆመ። በማግሥቱ ተጠርቼ ሄጄ ስፈታው ቴስታታው ተጣሟል፣ ዘይቱም እንደገና ወተት መስሏል። አቶ የሻው ውሃ የጨመረው ሾፌሩ ነው፣ ፀረ ሕዝብ ነው ብለው አሳሰሩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ዛሬ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ስገባ ዐወድን በእስር ክፍሉ መስኮት አየሁት። መነጽር የለም፣ ያለቅሳል። ባልሠራው ነገር ዓመታት ሊታሰር ነው። አሁንም እንቀዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ዘይት ያበላሹት ሦስቱ ናቸው፣ ከሦስቱም አንድ የታሰረ የለም።

ከፖሊስ የተወከለው ሰው ማን እንደነበር ተጠየቅኩ። ከእኔ ይልቅ ጠያቂው ያውቁታል፤ አሁን እስክርቢቶ ይዘው ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሃምሳ አለቃ እርስዎ ነዎት ብያለሁ። ወንድ ከሆኑ ይህንንም ይጻፉት ብያለሁ። ሃምሳ አለቃው ይህንንም ጽፈው "ቀጥል" አሉኝ። የምቀጥለው እንደሌለ ገለጽኩ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። ያልኩት ሳይጎድል፣ ያላልኩት ሳይጨመር አግኝቼዋለሁ። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሌንጂሳ ባፈና

ቃሉን የጻፍኩት፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉትንም ብሎኖች በቱቦ ያጠበቅኩት፦ ሃምሳ አለቃ ባቢከር ዐርዋ (ፊርማ)