የካውዲል መነጽር

— ሄሎ… አዎ፣ ቨርጂል ስቴሲ ነኝ። ማን ልበል?… ካውዲል?… የትኛው ካውዲል?

— ጠበቃው! በ1998 ማርች 12፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በፊት፣ አርባ ሰው ፊት ያዋረድከኝ ካውዲል ነህ?… እንዴት እረሳዋለሁ! ያሰርከው ከረባት እንኳ ሰማያዊ ነበር።

— ቆይ አንዴ… ኦፓል፣ ያን የባቄላ ድስት አውርጂው፣ እያረረ ነው!… ሚስቴ ናት። ቀጥል።

— እሱንማ ሰምቻለሁ። ጥብቅና ትተህ የፌደራል ዓቃቤ ሕግ ሆነሃል። ስንት ዓመት ለከሰል ማዕድን ባለቤቶች ስትከራከር ኖረህ፣ ዛሬ ደግሞ እነሱን ትከሳለህ… «ሕሊናዬ አስቸገረኝ» ነው የምትለኝ?… ይሁንልህ። እኔ የማየው ከግራ ጠረጴዛ ተነስተህ ቀኝ ጠረጴዛ መቀመጥህን ነው።

— ሚስተር ስቴሲ ነው ያልከኝ? ያኔ «ይሄ ሰውዬ» ነበርኩ።

— አዎ፣ የላክልኝ ፖስታ ደርሶኛል። ያን ቀን ችሎት ላይ የተባለው ሁሉ አለበት… አነበብኩት። «ማን አነበበልህ?»… አነበብኩት ነው የምልህ! ኦፓል ናት ያስተማረችኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከዘር መሸጫ ካታሎግ ላይ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ቲማቲም» ነው… አትሳቅ። እሺ፣ ሳቅ።

— ገጽ አርባ አንድ፣ አዎ። ማዕድኑ ውስጥ ቋጥኝ ወገቤን ሰብሮኝ ካሳ ብጠይቅ፣ «መብቱን ትቶ ፈርሟል» ብለህ ወረቀት አመጣህ። «አንብብልን» አልከኝ። መነጽሬን ረስቻለሁ አልኩ። አንተ የራስህን አውልቀህ ሰጠኸኝ። አደረግኩት… ፊደል ካልቆጠርኩ ምን ላድርግ ታዲያ? አርባ ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ ወደ ጁሪዎቹ ዞረህ «ሳያነብ የሚፈርም ሰው፣ ሳያይም ይምላል» አልካቸው።

— እና አሁን እኔ ባንተ በኩል ስመሰክር፣ የተከሳሹ ባለማዕድን ጠበቃ ይህችኑ ገጽ ይዞ ሊነሳብኝ ነው? ያንተኑ ቃል! እኔ ውሸታም መሆኔን በአንተ አፍ ሊመሰክርብኝ?… አልሳቅኩም። ሳሉ ነው።

— በአቧራ መለኪያው ነው የምትከሰው?… እሱንማ ማን ይረሳል? የምንተነፍሰውን የከሰል ብናኝ እንዲለካ ደረታችን ላይ መንጠልጠል ነበረበት። አለቃው «ምሳ ዕቃችሁ ውስጥ ክደኑት» ይለናል፣ እንከድነዋለን። ስምንት ሰዓት ሙሉ የለካው የኔን ሳንድዊች አየር ነው። ወረቀቱ ላይ ጉድጓዱ ንጹሕ፣ ሳንባችን ግን የጭስ ማውጫ።

— ክላይድ?… አይችልም። አብረን ነበር ጉድጓድ የምንገባው፣ አሁን ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ነው። ሁለት ቃል ይልና ያርፋል… አውቃለሁ። የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ካልመጣሁ ባለማዕድኑ በነጻ እንደሚወጣም አውቃለሁ።

— ይቅርታ?… በስልክ አልቀበልም። የሰደብከኝ በስልክ ነበር?

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… አንድ ነገር ነው የምፈልገው። የባለማዕድኑ ጠበቃ ሳይነሳ በፊት፣ አንተ ራስህ ጠይቀኝ። «ሚስተር ስቴሲ፣ ያን ቀን መነጽሩን የሰጠዎት ማነው?» በለኝ። እዚያው ጁሪዎቹ ፊት። እኔም በጣቴ አሳያለሁ።

— ስምህ?… ስምህ ምን ይሆናል? የኔ ስም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነበር? ሰፈር ውስጥ ልጆች ሳይቀሩ ጋዜጣ እያሳዩኝ «ቨርጂል፣ መነጽር እናውስህ?» ይሉኝ ነበር።

— እየጠበቅኩህ ነው…

— ኦፓል፣ አይ፣ አልተዘጋም። እያሰበ ነው።

— ምን አልክ? ጮክ በል… «እጠይቅዎታለሁ»?… እስቲ ድገመው… እሺ። ሰማሁ።

— ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት… «ይመጣሉ ወይ» ነው የምትለኝ?…

— ኦፓል፣ ነጩ ሸሚዜ ታጥቧል?… ተኩሺልኝ። መነጽሬንም ኮቴ ኪስ ውስጥ ክተቺው፣ እንዳልረሳ… ስልኩን? ሳትዘጊው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተይው… ምንም አትበይው። ትንሽ እሱም ይጠብቅ። እኔ ውሻውን ላንሸራሽር ወጣሁ።